የኩርሙክ አለት ያለፈበት ሙቀትና ጥልቀት

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ድንጋይ ነው፤ በተለይም በኩርሙክና በአሶሳ ዙሪያ ከእግራችሁ ሥር ስላለው ድንጋይ።

ከአሶሳ ከፍታ ወደ ኩርሙክ ቆላ ስትወርዱ በየወንዙ ዳርና በየኮረብታው ወገብ የሚታየውን አለት ታውቁታላችሁ። በስስ በስሱ የሚሰነጠቅ፣ ወደ አረንጓዴነት ወይም ወደ አመድማነት የሚያደላ፣ ሲሰበር አዲሱ ፊቱ ፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጭ ነው። ንጣፎቹ አግድም አልተኙም፤ ብዙ ቦታ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ታጥፈዋል፣ ተጣመዋል። ወርቅ ፈላጊው ነጩን የኳርትዝ ሥር ለማግኘት ይህን አለት እየፈለጠ ወደ ጎን ይጥለዋል። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለዚያ ስለሚጣለው ድንጋይ ነው። ወርቁ ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠ ምስክሩ እሱ ነውና።

የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን አለት ሜታሞርፊክ፣ ልውጥ አለት ይሉታል። በመጀመሪያ ሌላ ነገር ነበር፤ የባሕር ወለል ጭቃ፣ አሸዋ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ባዛልት ወይም የኖራ ድንጋይ። በኋላ የምድር ቅርፊት ሲጨማደድ ወደ ጥልቁ ወረደ፤ ጋለ፣ ተጫነ፣ ሳይቀልጥም ተለወጠ። «ሳይቀልጥ» ያልኩትን ያዙልኝ። ቢቀልጥ ኖሮ የቀድሞ ታሪኩ አብሮ በጠፋ ነበር። ጠጣር እንደሆነ ነው በውስጡ የነበሩት ማዕድናት እየፈረሱ በሌሎች የተተኩት። የአለቱ ንጥረ ነገር አንድ ከሆነ፣ የትኛው ማዕድን ፈርሶ የትኛው እንደሚተካ የሚወስኑት በዋናነት ሙቀትና ግፊት ናቸው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በተለመደው የምድር ቅርፊት ውስጥ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል። 15 ኪሎ ሜትር ላይ 400 ዲግሪ ገደማ ደረሰ ማለት ነው። ግፊቱስ? በ10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ አለት ከላዩ የተሸከመው ክብደት እኛን ከሚጫነን የአየር ግፊት ከ2,600 እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱ ግን ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም። የቀለጠ ግራናይት አጠገብ የገባ አለት ብዙ ሳይወርድ ይግላል። በአንጻሩ የውቅያኖስ ወለል ከሌላ ንጣፍ ሥር በፍጥነት ሲሰጥም ብርዱን እንደያዘ እጅግ ጥልቅ ይገባል። ስለዚህ «ይህ ድንጋይ 500 ዲግሪ ሞቋል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በስንት ጥልቀት ላይ ሆኖ እንደሞቀም ማወቅ አለብን። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲገኙ ነው ተራራው እንዴት እንደተሠራ የሚታወቀው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ከድንጋይ ፊት ማንበብ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ጆርጅ ባሮው ይባላል። በስኮትላንድ ደጋማ አገር ካርታ ሲሠራ የነበረ ጂኦሎጂስት ነው፤ ጽሑፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ባሮው ያስተዋለው ነገር እንዲህ ነበር፦ ድሮ ጭቃ የነበሩ አለቶችን ተከትሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ አዳዲስ ማዕድናት በተራ በተራ ብቅ ይላሉ። በእሱና ከእሱ በኋላ በመጡት ሥራ ቅደም ተከተሉ ተሟላ፤ መጀመሪያ አረንጓዴው ክሎራይት፣ ቀጥሎ ጥቁሩ ሚካ ባዮታይት፣ ቀጥሎ ቀዩ ጋርኔት፣ ከዚያ ስቶሮላይት፣ ከዚያ ኪያናይት፣ በመጨረሻም ሲሊማናይት። ጭቃው በመሠረቱ ያው ጭቃ ነው፤ የተለያየው የሞቀበት መጠን ነው። ፊንላንዳዊው ፔንቲ ኤስኮላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1915 ሐሳቡን ወደ ሁሉም ዓይነት አለት አስፋፋው፤ በአንድ ዓይነት ሙቀትና ግፊት ውስጥ ያለፉ አለቶች እንደየንጥረ ነገራቸው ተለይቶ የሚታወቅ የማዕድናት ስብስብ ይይዛሉ አለ።

ከእነዚህ መካከል እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቁኝ ኪያናይት፣ አንዳሉሳይትና ሲሊማናይት ናቸው። ሦስቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ንጥረ ነገር፣ በአንድ ዓይነት መጠን ነው፤ አሉሚኒየም፣ ሲሊከንና ኦክስጅን። የሚለዩት አተሞቹ በተደረደሩበት ሁኔታ ብቻ ነው። ግፊት ሲበረታ አተሞቹ ተጠጋግተው ኪያናይት ይሆናሉ፤ ሰማያዊ፣ ረዘም ያለ፣ ጠፍጣፋ። ግፊቱ ሲያንስ አንዳሉሳይት ይመጣል። ሙቀቱ ሲያይል ደግሞ ሲሊማናይት። ሦስቱ አብረው ሊኖሩ የሚችሉት በአንዲት ነጥብ ላይ ነው፤ 500 ዲግሪ አካባቢ ሙቀትና ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት። አንድ ተማሪ ሜዳ ላይ ኪያናይት ካገኘ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ይህ አለት የትኛውን ወሰን እንዳለፈ ተናገረ ማለት ነው። በአገራችን ደቡብ፣ በጉጂ በአዶላ ምድር፣ ኪያናይት አለ፤ እዚያም እንደ ኩርሙክ ወርቅና ልውጥ አለት ጎረቤታሞች ናቸው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አድማጭ አንድ ጥያቄ ያነሣል። አለቱ ወደ ላይ ሲመለስ ይቀዘቅዛል፣ ጫናውም ይቀልለታል። ታዲያ ማዕድናቱ ለምን ወደ ቀድሞ ጭቃነታቸው አይመለሱም? ቢመለሱ ኖሮ የሚነበብ ነገር ባልኖረ ነበር። መልሱን ሸክላ ሠሪዎች በእጃቸው ያውቁታል። ጭቃው ከመተኮሱ በፊት ቢሰበር በውሃ ታሽቶ እንደገና ይሠራል። አንዴ ከተተኮሰ ግን ከጭቃው ማዕድን ውስጥ የነበረው ውሃ ወጥቷል፤ ገሉን ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፉት ጭቃ አይሆንላችሁም። አለትም እንዲሁ ነው። ሲሞቅ ውሃውን እየለቀቀ ይለወጣል፤ ውሃው በስንጥቁ አምልጦ ይሄዳል። ሲቀዘቅዝ ለመመለስ የሚያስፈልገው ውሃ በአካባቢው የለም፤ የለውጡ ፍጥነትም ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይሞታል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ልውጥ አለት ይዞልን የመጣው የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ነው። አልፎ አልፎ ውሃ እንደገና ሲገባበት ጋርኔቱ ከዳር እየተበላ በክሎራይት ይከበባል፤ ያ ደግሞ የመመለሻ ጉዞው ምልክት ነው።

ጋርኔትን ጠጋ ብለን እንየው። ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ሲያድግ በደህና ካደገ 12 ገጽ ያለው ትንሽ እንክብል ይሆናል፤ ከአተር ፍሬ ያነሰም፣ ከዚያ የበለጠም ይገኛል። ከውጭ ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል። ተሰንጥቆ በኤሌክትሮን ጨረር ከመሐል እስከ ዳር ሲለካ ግን ማንጋኒዙ መሐሉ ላይ ይበዛል፤ ወደ ዳር ሲሄድ እያነሰ ይመጣል፤ ማግኒዚየሙ ደግሞ ወደ ዳር ይጨምራል። ምክንያቱም ጋርኔት የሚያድገው ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሳለ ነው፤ ማንጋኒዝን አስቀድሞ ይሻማዋል፣ በኋላ ያልቅበታል። አጠገቡ ባዮታይት ካለ ደግሞ ሁለቱ ብረትና ማግኒዚየምን ይቀያየራሉ፤ ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ጋርኔቱ የሚገባው ማግኒዚየም ይበዛል። ጆን ፌሪና ፍራንክ ስፒር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ልውውጥ በላቦራቶሪ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1978 አሳተሙ፤ ከዚያ ወዲህ ጋርኔትና ባዮታይት እንደ ቴርሞሜትር ያገለግላሉ። 50 ዲግሪ ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል። ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የነበረን ሙቀት በዚህ መጠን መለካት ግን ቀላል ነገር አይደለም! ለግፊቱም ሌላ መለኪያ አለ፤ ጫና ሲበዛ ካልሲየም ፕላጅዮክሌዝ ከተባለው ማዕድን እየወጣ ወደ ጋርኔት ይገባል። ያን መጠን ለክቶ ጥልቀቱን ማስላት ይቻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገራችሁ እንመለስ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ በባዛልት የተሸፈነ ነው፤ የዚያ ባዛልት ዋናው ክፍል የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ግን ሽፋኑ በአብዛኛው ስለሌለ መሠረቱ ተገልጦ ይታያል። ዓባይም ዳቡስም በለስም ገላልጠውታል። ይህ መሠረት ዕድሜው ከ900 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው፤ ጂኦሎጂስቶች የምዕራብ ኢትዮጵያ ጋሻ ይሉታል። በሰሜን በኩል ሱዳንን፣ ኤርትራን፣ ግብፅንና ሳዑዲ ዓረቢያን ከሚያካልለው የዓረብ–ኑቢያ ጋሻ ጋር ይያያዛል፤ በደቡብ ደግሞ እስከ ሞዛምቢክ ከሚወርደው ይበልጥ ከጋለው መቀነት ጋር ይገናኛል። ሮበርት ስተርን የተባለው ጂኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1994 ሁለቱን አንድ አድርጎ የምሥራቅ አፍሪካ የተራራ ሥርዓት ብሎ አቀረባቸው። በሁለት ታላላቅ የየብስ አካላት መካከል የነበረ ውቅያኖስ ተዘጋ፤ በውስጡ የነበሩት የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ተጨፈለቁ፤ በመጨረሻም እነዚያ የየብስ አካላት ተጋጭተው ጎንድዋና የተባለውን አህጉር ሠሩ። የኩርሙክ አረንጓዴ ድንጋይ የዚያ ውቅያኖስና የእነዚያ ደሴቶች ቅሪት ነው።

የአካባቢውን ጂኦሎጂ በዝርዝር ያጠኑት አሌንና ታደሰ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሥራ ምዕራቡን ምድር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በቀጠና ከፋፍለውታል፤ ዲዴሳ፣ ከማሺ፣ ዴንጊ፣ ሽርቆሌ እና ዳካ ብለው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር በቀጠናዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዲዴሳ በኩል ናይስ የሚባለው አለት ይበዛል፤ ነጭና ጥቁር መስመር በመስመር የተለየበት፣ እጅግ የሞቀ፣ ከፊሉም ለመቅለጥ የቀረበ። በእሳተ ገሞራና በደለል አለቶቹ በኩል ግን ሙቀቱ አነስ ያለ ነው። በሽርቆሌ ቀጠና ሁለቱ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ ኩርሙክ ላይ ወርቁን የያዘው ያነሰ የሞቀው ወገን ነው።

ሜዳ ላይ ይህን በዓይን መለየት ይቻላል። ድሮ ባዛልት የነበረ አለት ከ300 እስከ 450 ወይም 500 ዲግሪ ድረስ ብቻ ከሞቀ አረንጓዴ ይሆናል፤ ክሎራይት፣ ኤፒዶትና አክቲኖላይት የተባሉት አረንጓዴ ማዕድናት ይሞሉታል። ከዚያ በላይ ሲሞቅ አረንጓዴው ይጠፋል፤ ሆርንብሌንድ የተባለው ጥቁር ማዕድን ይረከበዋል። ስለዚህ ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር የተሻገራችሁበት ቦታ ሙቀቱ 500 ዲግሪ አካባቢ የነበረበት ወሰን ነው። ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ግን እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ ያልተለወጠ ባዛልትም ጥቁር ነው። ልዩነቱ ልውጡ ድንጋይ መስመር ያለው መሆኑ ላይ ነው፤ ረዣዥሞቹ የሆርንብሌንድ ቅንጣቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ይታያሉ።

የኖራ ድንጋይም በበኩሉ ይናገራል። ሲጋል እብነ በረድ ይሆናል። በክልሉ ከዳሌቲ የሚወጣው እብነ በረድ ለሕንፃ ወለልና ለደረጃ ተፈላጊ ሆኖ ኖሯል። ንጹሕ ካልሳይት ከሆነ ብዙ አይናገርም፤ ቅንጣቶቹ ተልቀው ስኳር የመሰለ ገጽ ከማግኘታቸው በቀር ለውጥ የለውም። ዶሎማይትና ጥቂት የአሸዋ ኳርትዝ ያለበት እንደሆነ ግን ወሬኛ ነው። መጀመሪያ በጥፍር የሚጫረውና ሲዳስሱት የሚያሙለጨልጨው ታልክ ይወጣል። ሙቀቱ ሲጨምር ነጭ መርፌ የሚመስለው ትሬሞላይት፣ ከዚያ ዲዮፕሳይት፣ ከዚያ በላይ ፎርስተራይት። እብነ በረድ አስቆራጭ ይህን መርፌ እንደ እንከን ሊቆጥረው ይችላል። ጂኦሎጂስቱ ግን ለይቶ የሚያስቀምጠው ያንን ቁራጭ ነው።

ወደ ወርቁ እንምጣ። የቤኒሻንጉል ወርቅ ዝናው የቆየ ነው። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን በዛሬዋ ሱዳን ወዳሉት ሰናርና ፋዞግሊ የላከው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር፤ የዚያ ዘመቻ መከራ በዚህ አካባቢ ሕዝብ ላይ ለረጅም ዘመን ወርዷል። እስከ ዛሬ የበርታ እናቶችና እኅቶች በየወንዙ ወርቅ ያጥባሉ። በኩርሙክ ወረዳ ደግሞ አላይድ ጎልድ የተባለው ኩባንያ ዲሽ ማውንቴንና አሻሺሬ በተባሉት ቦታዎች ላይ ትልቅ የወርቅ ማውጫ መገንባት ጀምሯል። ይህ ሁሉ ወርቅ እኮ ከሜታሞርፊዝሙ ጋር የተያያዘ ነው።

እንዴት? ክሎራይት የተባለው አረንጓዴ ማዕድን ከክብደቱ 12 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ከታች ያለው አረንጓዴ አለት ያችን የ500 ዲግሪ ወሰን ሲሻገር ክሎራይቱ ይፈርሳል፤ ውሃው፣ አብሮትም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ድኝ ይለቀቃል። በትንሽ ድንጋይ ሲታይ ጠብታ ነው፤ በመቶዎች ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ሲታሰብ ግን ወንዝ ነው። ድኝ ያለበት ትኩስ ውሃ ወርቅን ማሟሟት ይችላል። ከሰፊ አለት እዚህም እዚያም ኢምንት እየለቀመ፣ አለቱ በተሰነጠቀበትና በተንሸራተተበት መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ 250 እስከ 400 ዲግሪ ወዳለው ሥፍራ ሲደርስ ስንጥቁ በድንገት ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል፤ ወይም ውሃው ብረት የበዛበት አለት ያጋጥመዋል። ድኙ ከብረቱ ጋር ተጣምሮ ፓይራይት ይሆናል፤ ወርቁ የሚሸከመው ያጣና እዚያው ይቀራል። በዚያው ስንጥቅ ኳርትዙም ይረጋል። ነጩ ሥር የተባለው ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ክምችት ባለሙያዎች የተራራ ምሥረታ ወርቅ ብለው ይመድቡታል፤ በመላው ዓለም አብዛኛው የዚህ ዓይነት ወርቅ የተገኘው ልክ እንደ ኩርሙክ ባለ አረንጓዴ ደረጃ ላይ ባለ አለት ውስጥ ነው።

እንግዲህ የአለቱን ሙቀት ማንበብ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ፍለጋ ላይ ያለ ጂኦሎጂስት አረንጓዴውና ጥቁሩ የሚገናኙበትን ወሰን፣ አለቱ የተንሸራተተበትን መስመር፣ ብረት የበዛበትን ድንጋይ አንድ ካርታ ላይ ሲያነሣ መቆፈር ያለበትን ቦታ እያጠበበ ነው። በጭፍን መቆፈር ጉልበት ይጨርሳል፣ መሬትም ያቆስላል። ይህን ዕውቀት ወርቅ አጣቢዎቻችንም ቢያገኙት እመኛለሁ፤ ከማንም በላይ በየቀኑ ድንጋዩን በእጃቸው የሚያገላብጡት እነሱ ናቸውና።

(አጭር ሙዚቃ)

መምህራን አድማጮቻችን፣ ይህን ከተማሪዎቻችሁ ጋር ለመጀመር ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ 10 እጥፍ የእጅ ማጉያ መስታወት፣ መዶሻ፣ እስክሪብቶና የጨርቅ ከረጢት ይበቃል። ፀሐይና ዝናብ የጎዳውን የድንጋይ ቅርፊት አትመኑ፤ ስበሩና አዲሱን ፊት እዩ፤ ስትሰብሩም ዓይናችሁን ጠብቁ። የሚያብለጨልጨው ሚካ ነጭ ነው ወይስ ጥቁር? አረንጓዴ አለ? ቀይ እንክብል አለ? ቅንጣቶቹ ተሰልፈዋል? ከየት እንደተነሣ፣ ንጣፉ ወደ የት እንደተዘነበለ ከረጢቱ ላይ ጻፉ። ቦታው ያልተጻፈበት ናሙና ምንም ቢያምር ብዙም አያገለግልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የላቦራቶሪ ነው። ድንጋዩ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይጣበቃል፤ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ይሞረዳል። በዚህ ስስነቱ ጥቁሩም አረንጓዴውም ብርሃን ያሳልፋል። በማይክሮስኮፕ ሥር ክሎራይቱ የትኛውን ማዕድን ገፍቶ እንደበቀለ፣ ጋርኔቱ ሲያድግ የትኞቹን ቅንጣቶች እንደዋጠ፣ ከዋጣቸው በኋላም በእሱ ዙሪያ ያለው አለት በስንት አቅጣጫ እንደተጠማዘዘ ይታያል። የተዋጡት ቅንጣቶች በጋርኔቱ ሆድ ውስጥ ሳይነኩ ስለሚቀሩ፣ ከመጨረሻው ሙቀት በፊት አለቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ዚርኮን የተባለች ጥቃቅን ቅንጣት ካለችበት ደግሞ በውስጧ ያለው ዩራኒየም ወደ እርሳስ የተለወጠበት መጠን ተለክቶ ዕድሜዋ ይታወቃል። ሙቀቱ፣ ጥልቀቱና ጊዜው ሦስቱም ከአንድ እፍኝ ድንጋይ ይወጣሉ፤ ያን እፍኝ ድንጋይ በኩርሙክ ከየትኛውም የጉድጓድ አፍ አጠገብ ከተከመረው ውስጥ ታገኙታላችሁ።